የአንዲት አናባቢ ታሪክ

ባለፈው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛችን ተነሥቶ ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታዘዘ። ጓደኛችን ከገጠር የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አልተማረም። ከሁላችን ይልቅ ብዙ ያነበበው እሱ መሆኑን ግን የማያውቅ የለም። ንባቡ «ላስት ክላስ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ፣ ልክ እንደኛው ራብዕ አድርጎ አነበባቸው። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ሐቁን እንናገር ከተባለ እኛም ስቀናል። መምህራችን አሜሪካ የተማሩ ናቸውና ሳቁን ገትተው፣ አፋቸውን ወደ ጎን ለጠጥ አድርገው፣ በ«ላ»ና በ«ሌ» መካከል በሆነ ድምፅ «ክሌስ» ሲሉ አረሙት። ጓደኛችን ደገመው፤ አሁንም ተሳቀ።

በሚቀጥለው መንፈቅ ሌላ መምህር ገቡ። እኒህኛው የተማሩት እንግሊዝ ነው። ያ ምስኪን የተነገረውን አልረሳምና «ክሌስ» ቢል፣ «ምን ያስለጥጥሃል? ከጉሮሮህ አውጣው እንጂ! ክላ...ስ!» ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ አያውቅም።

ለኛ ግን ነገሩ አልዋጥ አለን። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ በአንዲት አናባቢ ካልተስማሙ ትክክለኛዋ የማንኛቸው ናት? «ትክክል» የሚባለውን ማኅተም የያዘውስ ማን ነው? ሦስት ሆነን ቤተ መጻሕፍት ገባን። እዚህ የምንጽፈው ያገኘነውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

ነገሩን ከአፍ እንጀምር። ተነባቢ ድምፅ ግድግዳ አለው። «ብ» ስንል ሁለቱ ከንፈሮቻችን ይገጥማሉ፤ «ት» ስንል ምላሳችን ከጥርሳችን ሥር ይነካል። ነካ ወይም አልነካም፤ መካከል የለውም። አናባቢ ግን እንዲህ አይደለም። ምላስ የትም ሳይነካ ከፍ ዝቅ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል እንጂ የሚያርፍበት ግድግዳ የለም። የአናባቢ ግዛት እንግዲህ አጥር እንደሌለው የእርሻ መሬት ነው፤ ድንበሩ የሚጸናው በጎረቤት ስምምነት ብቻ ነው። የኛ አባቶች ይኸን መሬት ለሰባት አካፍለው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብለው ስም አወጡለት። ሰባት ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር ሰፋ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ግን፣ በደቡብ እንግሊዝ እንደሚነገረው ከሆነ፣ ነጠላውና ጥምሩ ተደምሮ ወደ 20 የሚሆን አናባቢ አለው፤ ለዚያም የተመደቡለት ፊደሎች አምስት ብቻ ናቸው። በአንዲት አፍ ውስጥ ሃያ ባለርስት ሲሰፍር ድንበር መገፋፋት እንደማይቀር ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

የእንግሊዝኛ አናባቢዎች እርስ በርሳቸው የተገፋፉበት ዋናው ዘመን ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ያለው ነው። ኦቶ የስፐርሰን የተባለ የዴንማርክ ምሁር በ1909 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ለዚህ ጉድ ስም አወጣለት፤ እኛ «ታላቁ የአናባቢዎች ሽግሽግ» ብለን ተርጉመነዋል። ነገሩን በኛ ፊደል ቤት ቋንቋ መናገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቀላል። ረዘም ተደርገው የሚነገሩት አናባቢዎች አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ። ስም «ናመ» ይባል ነበረ፤ ራብዑ ኃምስ ሆነና «ኔም» ተባለ። መገናኘት «ሜት» ነበረ፤ ኃምሱ ሣልስ ሆነና «ሚት» ተባለ። ጨረቃ «ሞን» ነበረች፤ ሳብዑ ካዕብ ሆነና «ሙን» ሆነች። ታዲያ ከታች ያሉት ሲገፉ ከላይ ያሉት ሣልስና ካዕብ የት ይድረሱ? በላያቸው ላንቃ እንጂ መሬት የለም። ስለዚህ ተሰነጠቁና ጥምር ሆኑ። መንከስ «ቢተ» የነበረው «ባይት»፣ ቤት «ሁስ» የነበረው «ሃውስ» ሆነ።

ይህ ሁሉ ገና በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ዊልያም ካክስተን የተባለው ነጋዴ በ1476 ማተሚያ መኪናውን ዌስትሚኒስተር ላይ ተከለ። ማተሚያው አጻጻፉን እየቸነከረው ሲሄድ ድምፁ ግን በመንገድ ላይ ነበር። ሌላው አውሮጳ «ኢ» የሚላትን ፊደል እንግሊዞች «አይ» የሚሏት፣ «አ» የምትባለዋንም «ኤይ» የሚሏት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊደሏ ከነበረችበት ቀረች፣ ድምፅዋ ሄደ። ይኸ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ንጉሥ» በንጉሡ «ሠ» ነው ወይስ በእሳቱ «ሰ» እየተባለ ስንቱ ተማሪ አልተቆነጠጠም! ሁለቱ በጥንት ግዕዝ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ዛሬ በአፋችን አንድ ሲሆኑ በብዕራችን ሁለት ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የምንስቅ ሰዎች የገዛ ቤታችንን ብናይ አይከፋም።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ። ሽግሽጉ አገሩን ሁሉ እኩል አላዳረሰም። በስኮትላንድና በኒውካስል አካባቢ ቤትን «ሁስ»፣ ከተማን «ቱን» የሚል ሰው ዛሬም ይገኛል። የለንደን ሰው ይኸን ሲሰማ «አይ ያልተማረ!» ይል ይሆናል፤ ነገር ግን «ሁስ» የሚለው ሰው አላጠፋም፤ የጥንቱን ነው የያዘው። ለምን ያዘው ቢባል፣ በሰሜኑ አነጋገር የ«ሞን» ሳብዕ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ አፍ ፊት ለፊት ሸሽቶ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ሆኖ ካዕብን የሚገፋው አልነበረም። ያልተገፋ ደግሞ ርስቱን አይለቅም። ይኸን ስናነብ ከሦስታችን አንዱ «ይኸማ የኛ ሰፈር የድንበር ክርክር ነው» ብሎ አሳቀን።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ሌላ መከፋፈል መጣ። ስኒ፣ ፍቅር፣ ግን የሚሉት ቃላት በጥንት ጊዜ አናባቢያቸው አጭር ካዕብ ነበር፤ «ኩፕ»፣ «ሉቭ»፣ «ቡት» ይባሉ ነበር። ደቡቡ ይኸን ካዕብ ወደ ታች አውርዶ በግዕዝና በራብዕ መካከል አስቀመጠው። ሰሜኑ አላወረደውም። ዛሬም ከሊድስ ወይም ከማንቸስተር የመጣ ሰው «ኩፕ» ቢላችሁ አትደንግጡ።

ወደ ጓደኛችን ቃል እንመለስ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን እሱ ነውና። «ክላስ»፣ «ላስት»፣ «ግላስ»፣ «አፍተር» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለችው አናባቢ እንደ ማንኛዋም አጭር «አ» አጭር ነበረች። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በደቡብ እንግሊዝ «ስ»ና «ፍ»ን በመሳሰሉ ድምፆች ፊት እየረዘመች መጣች። ቆየት ብላ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ወረደች። መምህራችን «ከጉሮሮህ አውጣው» ያሉት ይቺን ነው። ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ ይናገር የነበረው ማን ነው? ጨዋው ነው ወይስ ተራው?

መልሱን የሚሰጠን ጆን ዎከር ነው። ዎከር የቴያትር ተዋናይ ነበር፤ በኋላ ያማረ አነጋገር አስተማሪ ሆኖ በ1791 ለንደን ላይ አንድ የአነባበብ መዝገበ ቃላት አሳተመ። መጽሐፉ ለስኮትላንድ፣ ለአየርላንድና ለራሷ ለለንደን ተወላጆች ነውራቸውን የሚያስተዉበትን ደንብ ጭምር የያዘ ነው። የዋና ከተማው ሰው እንኳ ከተግሣጽ አላመለጠም! እንግዲህ ዎከር «አፍተር»፣ «ባስኬት»፣ «ፕላንት» የሚሉትን ቃላት አስረዝሞ መናገር ወደ ብልግና የሚጠጋ ነገር እንደሆነ ጻፈ። ልብ በሉ። መምህራችን ጓደኛችንን የገሠጹበት ረጅም «አ» ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የባለጌ አፍ ተብሎ ይገሠጽበት ነበር። አናባቢዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው ፈራጁ ነው።

ፈራጆቹ እነማን እንደነበሩም ማየት ደግ ነው። ከዎከር በፊት ስሙ የገነነው ቶማስ ሸሪዳን አየርላንዳዊ ተዋናይ ነበር። በ1761 ኤዲንበርግ ሄዶ የከተማዋን መኳንንትና ሊቃውንት እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር አስተማረ። አየርላንዳዊ ለስኮትላንዳዊ የእንግሊዝን አፍ ሲያስተምር! እነዚያ የተከበሩ ሰዎች በገዛ አገራቸው ተቀምጠው የገዛ አፋቸውን ለመፋቅ መሰለፋቸው መጀመሪያ ያስቃል፤ ቆይቶ ግን አያስቅም። ከ1707 ወዲህ ፓርላማው ለንደን ነበረ፣ ሹመቱም ለንደን ነበረ። ሰው በአናባቢው የተነሣ ከደጅ ሊመለስ እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚሰለፈው።

አሜሪካኖቹስ? ቨርጂኒያ ላይ በ1607፣ ፕሊመዝ ላይ በ1620 የሰፈሩት እንግሊዞች አገራቸውን ጥለው ሲወጡ ረጅሟ «አ» ገና አልነገሠችም። በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁም ገና ስትነቀፍ ነበር። ስለዚህ አጭሯን ይዘው ቀሩ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ አፍ ፊት ገፋ አድርገው «ክሌስ» ወደሚመስለው አመጧት። በቦስተን አካባቢ ብቻ አንዳንድ ቃላትን እንደ ለንደን የሚያስረዝሙ ነበሩ። በዚህች በአንዲት ነገር ላይ እንግዲህ ለጥንቱ የሚቀርበው አሜሪካኑ ነው። ከሁለቱም ይልቅ ለኛ ራብዕ የሚቀርበው ደግሞ የሰሜን እንግሊዙ ነው። የዮርክሻየር ሰው «ክላስ» ሲል አጭር ነው፣ ወደ ጉሮሮም አይወርድም፣ ወደ «ሌ»ም አይለጠጥም። ጓደኛችን ያን ቀን የተሳቀበት ንባብ በሊድስ ከተማ ቢሆን ኖሮ ቀና ብሎ የሚያየው እንኳ ባልተገኘ!

ረጅሟ «አ» ከባለጌ አፍ ወደ ጌታ አፍ የወጣችበት ዘመን 19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። መሰላሉም ትምህርት ቤት ነበር። እንግሊዞች «የሕዝብ ትምህርት ቤት» የሚሏቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው፤ ስማቸው የሕዝብ ይሁን እንጂ የሚገባባቸው የባለጸጋ ልጅ ነው። የሰሜኑ ባለ ፋብሪካ ልጅና የደቡቡ ባለ መሬት ልጅ በልጅነታቸው ይገቡና በጎረምሳነታቸው አንድ አፍ ይዘው ይወጣሉ። ያ አፍ የአንድ አውራጃ አፍ አይደለም፤ የአንድ መደብ አፍ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ዳንኤል ጆንስ በ1917 ባሳተመው የአነባበብ መዝገበ ቃላት ይኸን አነጋገር በነዚያው ትምህርት ቤቶች ስም ጠራው። በ1926 ስሙን ለውጦ «ሪሲቭድ ፕሮናንሲየሽን» አለው፤ «ተቀባይነት ያገኘ አነጋገር» ማለት ነው። በነማን ዘንድ ተቀባይነት አገኘ? ስሙ ይኸን አይናገርም። የመጀመሪያው ስም ምንጩን ይናገር ነበር፤ ሁለተኛው ሸፈነው። በእንግሊዝኛ «ክላስ» ማለት መማሪያ ክፍል ማለት ነው፣ መደብም ማለት ነው። በሁለቱም ትርጉሙ ያቺን አናባቢ ሲያወጣት የሰውየው መደብ አብሮ መውጣቱ እኛን ሳያስገርመን አልቀረም።

በርናርድ ሾው ነገሩን ቴያትር አድርጎታል። «ፒግማሊየን» በ1913 ቪየና ላይ፣ በ1914 ለንደን ላይ ሲታይ፣ አንዲት አበባ ሻጭ አናባቢዎችዋን ለውጣ የመኳንንት እንግዳ ለመሆን ስትበቃ ተመልካቹ ሳቀ። የሳቀው ግን ነገሩ እውነት ስለነበረ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ቢ.ቢ.ሲ. በ1922 ተቋቋመ፤ በ1926 ደግሞ አንባቢዎቹ ቃላትን እንዴት እንደሚናገሩ የሚመክር ኮሚቴ አቆመ። ሰብሳቢው ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ ነበር፤ እሱ በ1930 ሲሞት ራሱ ሾው ተተካ። ያንን የአዳሪ ትምህርት ቤት አፍ ማዕድ ቤትና ጠጅ ቤት ሁሉ ያስገባው ሬዲዮ ነው። በ1941፣ በጦርነቱ መካከል፣ ከዮርክሻየር፣ ሃሊፋክስ የተወለደ ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለ ተዋናይ የአገር አቀፍ ዜና አንባቢ ሆነ። አጭሯን «አ» በአጭሩ አነበባት። በሰሜን ላሉት አድማጮቹ ደኅና እደሩ ሲልም «ናይት» ማለቱን ትቶ «ኒት» አላቸው፤ ያ ሽግሽጉ ያልነካው የሰሜን ሣልስ ነው። ጉድ ፈላ! የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። በዚያ አነጋገር የተነበበ ዜና አይታመንም ያሉ እንደነበሩም ይነገራል። ቦምብ በየሌሊቱ ይወርድባት በነበረች አገር ሰው ተቀምጦ ስለ አንዲት አናባቢ ደብዳቤ ሲጽፍ እስቲ አስቡት። የሚያሳዝነው ደግሞ ከጻፉት ውስጥ የሰሜን ሰዎች መኖራቸው ነው። የገዛ አፋቸው በሬዲዮ ሲመጣ አፈሩበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልን። እኛስ? ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ የጎጃሙ በወሎው አማርኛ፣ የወሎው በመንዙ፣ ሁሉም ተባብረው ደግሞ አማርኛን ትምህርት ቤት በለመደው ልጅ ሲሳለቁ እያየን አብረን አልሳቅንም? ስቀናል።

የሆነ ሆኖ አናባቢ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይታዘዝም። ለዚህ ምስክር የሚሆኑን ሁለት ደሴቶች ናቸው። አንደኛው ኒውዚላንድ ነው፤ በርግጥ አንድ ደሴት ብቻ አይደለም። ከ1840 ወዲህ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የሄዱት ሰፋሪዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን አናባቢ ይዘው ገቡ። ልጆቻቸው ግን የወላጆቻቸውን አፍ ሳይሆን አንድ አዲስ አፍ አወጡ። በ1900 ገደማ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎች ይኸን የቅኝ አገር ቅላፄ እያሉ በየሪፖርታቸው ሲያማርሩ ይገኛሉ። ደስ የሚለው ከ1946 እስከ 1948 የአገሩ ሬዲዮ መቅረጫ መኪና አሰማርቶ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የተወለዱ ሽማግሌዎችን ድምፅ በሸክላ መቅዳቱ ነው። በክራይስትቸርች ያለው የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ኋላ ይኸን እያዳመጡ አንድ ቅላፄ ሲወለድ ተከታተሉ። ዛሬ የኒውዚላንድ ሰው ዓሣን «ፍሽ» ይላል፤ ሣልሱ የኛው ሳድስ ሆኗል ማለት ነው። ብዕር የሚለው «ፔን» ደግሞ ለእንግዳ ጆሮ «ፒን» ይመስላል። ያው የድንበር ግፊያ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል።

ሁለተኛው ደሴት ግን ልባችንን ነካው። ማርታስ ቪንያርድ የሚባል፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለ ትንሽ ደሴት ነው። ዊልያም ላቦቭ የተባለ የሥነ ልሳን ተማሪ በ1961 እዚያ ሄዶ 69 ተወላጆችን አነጋገረ፤ ጥናቱም በ1963 ታተመ። በደሴቱ ላይ የሚኖረው ቋሚ ሕዝብ 6 ሺህ ያህል ነበር፤ በበጋ ወራት ግን ከ40 ሺህ በላይ ሀብታም ጎብኚ ይወርድበታል። ዓሣ ማጥመድ እየከሰመ፣ ቤቱና የባሕሩ ዳርቻ ለእንግዶቹ እየተሸጠ ነበር። ላቦቭ ጆሮውን የጣለው በሁለት ጥምር አናባቢዎች ላይ ነው፤ «ራይት»ና «ሃውስ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያሉት። ደሴተኞቹ መነሻውን ራብዕ ወደ ግዕዝ ጠጋ አድርገው «ረይት»፣ «ኸውስ» እንደማለት ይናገሩታል።

ይህ የሽማግሌዎች ቅሪት ቢሆን ኖሮ በሽማግሌዎች ዘንድ በርትቶ በወጣቶች ዘንድ በሳሳ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ከ31 እስከ 45 ዓመት በሆናቸው ሰዎች ዘንድ ነው። በተለይም ቺልማርክ በተባለችው መንደር በሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አፍ። ላቦቭ ነገሩን ሲመረምር፣ በደሴቱ ላይ መኖር የሚፈልግ ሰው አናባቢውን ወደ ግዕዝ ያስጠጋል፤ ጥሎ መሄድ የሚፈልግ አያስጠጋም። ከደሴቱ ውጭ ተምረው፣ ሠርተው፣ ኋላ ግን ደሴቴ ይሻለኛል ብለው ከተመለሱት መካከል ደግሞ ከአባቶቻቸው የበለጠ የሚያስጠጉ ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ራሳቸውም አያውቁትም። መሬታቸውን መያዝ ያቃታቸው ሰዎች አንዲት አናባቢ ይዘው ቀሩ።

በሌላው ዳር ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥን እናገኛለን። ከ1952 ጀምሮ በየዓመቱ ለልደት በዓል በሬዲዮ ኋላም በቴሌቪዥን ንግግር ያደርጉ ስለነበር የአንድ ሰው ድምፅ በየዓመቱ ተቀድቶ የተቀመጠ መዝገብ ሆኗል። በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የ1950ዎቹንና የ1980ዎቹን አናባቢዎች በመሣሪያ ለክተው በ2000 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። የንግሥቲቱ አናባቢዎች ተንቀሳቅሰው ነበር። ወዴት? ከእሳቸው በዕድሜም በማዕረግም ወደሚያንሱት የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች አነጋገር። እስከ መጨረሻው ባይደርሱም አቅጣጫቸው ያ ነው። እንግዲህ «የንግሥቲቱ እንግሊዝኛ» እየተባለ የሰው ልጅ ሲቆነጠጥበት የኖረውን አፍ ንግሥቲቱ ራሳቸው ቀስ እያሉ ትተውት ሄደዋል።

አንድ ጓደኛ ይኸን ረቂቅ አንብቦ «እንደ እናንተ ከሆነማ ስሕተት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም እንዳሻው ይናገር ማለታችሁ ነው» አለን። አላልንም። አማርኛ አናባቢን በርዝመት አይለይምና መርከብና በግ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አብዛኞቻችን «ሺፕ» ብለን አንድ እናደርጋቸዋለን። ይኸ መታረም አለበት፤ በመርከብ የተጫነ እህልና በበግ የተጫነ እህል አንድ አይደሉምና። ሰሚን የሚያሳስት ነገር አንድ ነው፤ ሰሚን የማያሳስት፣ የተናጋሪውን አገር ብቻ የሚያወራ ደግሞ ሌላ ነው። «ክላስ» ሲባል ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ደግሞስ የኛ እንግሊዝኛ ከየት መጣ? ከኛ የአንዳችን አያት በ1960ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። በ1962 ከአሜሪካ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባላት ወደ 280 ይጠጉ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በየክፍለ ሀገሩ ለማስተማር ነው። አያታችን እንደሚያወጉን ጠዋት የሒሳብ መምህራቸው ህንድ ነበሩ፣ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራቸው አሜሪካዊ ወጣት። ህንዱ በርን «ጌት»፣ ካፖርትን «ኮት» ሲሉ ልክ እንደኛ ኃምስና ሳብዕ ነበር። አሜሪካዊው «ጌይት»፣ «ኮውት» ይላል። «እኛማ» አሉን አያታችን እየሳቁ፣ «ለየሰውየው የየሰውየውን እንመልስለት ነበር። ውጤት የሚሰጠው እሱ አይደል!» ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንሰማው «ጌት»ና «ኮት» ብዙ መንገድ ያለፈ ነው፤ ግማሹ የገዛ ሰባት ቤታችን ነው፣ ግማሹ ደግሞ የዚያ ዘመን መምህራን አሻራ። ስኮትላንዶችም «ጌት» ይላሉና ብቻችንን አይደለንም።

ይኸን ሁሉ ለጓደኛችን በአንድ ማታ፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነገርነው። የዎከርን ነገር ሲሰማ በጣም ሳቀ፤ የደሴቱን ሲሰማ ግን ዝም አለና ብርጭቆውን ያሽከረክር ጀመር። «እኔ ብሆን» አለ በመጨረሻ፣ «ከሚመለሱት ነበርኩ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየንና፣ «ሁሉም ደግ ነው። ግን እናንተ ያን ቀን ለምን ሳቃችሁ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ሻዩን የከፈልነው እኛ ነን።

የሴሚናር ተራው በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ከመቶ ሠላሳው የሚያዝበት። በየትኛው «አ» እንደሚያነብ አልነገረንም።